ዊንዶው፦ "የነፋስ ዓይን" ከየት መጣ?

"ዊንዶው" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቅ የከተማ ነዋሪ ማግኘት ያስቸግራል። ኮምፒዩተር የሚከፍት ሁሉ በየቀኑ ያገኘዋል፣ ቢሮ የሚውል ሁሉ "ዊንዶው ክፈት፣ ዊንዶው ዝጋ" ይላል። ታዲያ ይህን ያህል የተለመደው ቃል ለእንግሊዝኛ የራሱ ልጅ አይደለም ቢባል ስንቶቻችን እናምናለን? ቃሉ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ ነው። ያመጡትም በዘረፋና በወረራ ስማቸው የሚነሳው የሰሜን ሰዎች፣ ቫይኪንጎች ናቸው። ትርጉሙ ደግሞ ዛሬ ከምናውቀው ባለመስታወት መስኮት ጋር እምብዛም አይገናኝም። "ዊንዶው" ማለት በጥሬው "የነፋስ ዓይን" ማለት ነው።

የቃሉን ታሪክ መከተል የቤትን ታሪክ መከተል ነው። ሰው ጭስ፣ ብርድና ጨለማን እንዴት እንደታገለ፣ መንግሥታት ብርሃንን ሳይቀር እንዴት ግብር እንዳስከፈሉበት፣ በመጨረሻም መስኮት ዋና ሥራው ምን እንደነበረ እንዴት እንደተዘነጋ ያሳያል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ እኛንም በቀጥታ ይመለከታል።

ከ"ዓይን በር" ወደ "ነፋስ ዓይን"

እንግሊዞች ቫይኪንጎች ከመምጣታቸው በፊት መስኮትን የሚጠሩበት ቃል አልነበራቸውም ማለት አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት ስሞች ነበሩት። አንደኛው ሲተረጎም "የዓይን በር"፣ ሁለተኛው ደግሞ "የዓይን ቀዳዳ" ማለት ነበር። የሁለተኛው ቃል ግማሽ አካል ዛሬም በሕይወት አለ። እንግሊዝኛ የአፍንጫን ቀዳዳ "ኖስትሪል" ይለዋል። የቃሉ መጀመሪያ "አፍንጫ"፣ መጨረሻው ደግሞ ያው "ቀዳዳ" የሚለው ጥንታዊ ቃል ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው "ትሪል" የሚለው ቃልም ቀድሞ "መብሳት" ማለት ነበር። ዛሬ ሰውነትን ውርር ለሚያደርግ ደስታ ወይም ድንጋጤ ይነገራል፤ ልብን የሚበሳ ስሜት እንደማለት ነው።

ቫይኪንጎች በእንግሊዝ ታሪክ በጉልህ የሚነሱት እ.ኤ.አ. በ793 የሊንዲስፋርንን ገዳም በመዝረፋቸው ነው። በ865 ደግሞ ትልቅ ጦር ይዘው መጡ፤ የዚህ ጦር ሰዎች እንደ ቀደሙት ዘርፈው አልተመለሱም። ብዙዎቹ በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ መሬት ይዘው አረሱ፣ አገቡ፣ ወለዱ። በ1016 ዴንማርካዊው ክኑት የእንግሊዝን ዙፋን እስከመያዝ ደረሰ።

ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ ቋንቋቸውም ተቀላቀለ። ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለነበሩ መግባባቱ አላስቸገረም። በዚህ የተነሳ እንግሊዝኛ ከሰሜኖቹ የወሰደው የቤተ መንግሥትና የጦር ሜዳ ቃል ብቻ አልነበረም። ዕንቁላልን፣ ቢላዋን፣ ሰማይን፣ ሕግን የሚጠራባቸው ቃላት ሁሉ የእነርሱ ናቸው። "ሀዝባንድ" (ባል) የሚለው ቃል እንኳ "ባለቤት፣ ቤት ያለው ሰው" ከሚል የሰሜኖች ቃል የመጣ ነው። እኛ "ባለቤቴ" እንደምንለው መሆኑ ነው።

መስኮትንም የሰሜን ሰዎቹ "ቪንዳውጋ" ይሉት ነበር። "ቪንድ" ነፋስ፣ "አውጋ" ዓይን ነው። (ይህ "አውጋ" ከአማርኛው "ወግ አውጋኝ" ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ቃላት በድምፅ ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመድ አይሆኑም።) ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የሚገኘው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው፤ በሰው አፍ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ሳይኖር አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ የጽሕፈቱን ሥራ ላቲንና ፈረንሳይኛ ስለወሰዱት፣ የተራው ሕዝብ ቃል ወረቀት ላይ ለመድረስ ጊዜ ወስዶበታል።

ኖርማኖቹ የራሳቸውንም ቃል ይዘው መጥተዋል። ከላቲኑ "ፌኔስትራ" የወጣው "ፌኔስተር" የተባለ ቃል ከ"ዊንዶው" ጎን ለጎን እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አገልግሏል። በመጨረሻ ያሸነፈው ግን የገበሬው ቃል ነው። የመኳንንቱ ቃል የቀረው "ዲፌነስትሬሽን" በሚለው ቃል ውስጥ ነው፤ ሰውን በመስኮት አውጥቶ መወርወር ማለት ነው። ቃሉ በተለይ የሚነሳው እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1618 በፕራግ ከተማ ሦስት ባለሥልጣናት በቤተ መንግሥት መስኮት ከተወረወሩበት ድርጊት ጋር ነው። ሦስቱም ከሞት ተርፈዋል፤ ድርጊቱ ያስነሳው ጦርነት ግን 30 ዓመት ቆይቷል። የኤልዛቤልን ፍጻሜ በመጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው አድራጎቱ ከፕራግ እጅግ እንደሚቀድም ያውቃል።

ለምን ነፋስ? ለምንስ ዓይን?

የቫይኪንግ ዘመን ቤት ረጅም፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ በመሐሉ ምድጃ የሚነድበት ቤት ነበር። ሰው በምድጃው ዙሪያ ይተኛል፣ ይበላል፣ ይሠራል። ጭሱ የሚወጣው በጣሪያው ላይ ወይም ከግድግዳው በላይ በተተወ ቀዳዳ ነው። መስታወት የለም። ቀዳዳው ሲፈለግ በእንጨት ወይም በቆዳ ይሸፈናል። ነፋስ ይገባበታል፣ ጭስ ይወጣበታል፣ ጥቂት ብርሃንም ያስገባል። ስለዚህ "የነፋስ ዓይን" የሚለው ስም ለቅኔ የተፈጠረ ሳይሆን የነገሩን ሥራ የሚገልጽ ስም ነበር።

እኛ ይህንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ገጠር የኖረ ሁሉ ጎጆ ቤትን ያውቃል። ብዙዎቹ ጎጆዎች መስኮት የላቸውም፤ ጭሱ በሣር ክዳኑ እየሰረገ፣ የቀረውም በበሩ በኩል ይወጣል። ጭሱ ክዳኑን ከተባይ ይከላከላል፣ ቤቱንም ያሞቃል። በሌላ በኩል ግን የእናቶችን ዓይን ያስለቅሳል፣ ሳንባቸውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመላው ዓለም ያለጊዜያቸው እንደሞቱ ገምቷል። የነፋስ ዓይን የሌለው ቤት ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ቀዳዳን "ዓይን" ማለትስ? ይህም ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ጥሩ እንጀራ የሚታወቀው በዓይኑ ነው፤ "ዓይኑ የወጣ" እንጀራ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማንም ይረዳል። እነዚያ ዓይኖች ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲያርፍ አየርና እንፋሎት ወጥቶባቸው የቀሩ ቀዳዳዎች ናቸው። የቫይኪንጓ ባልቴት ቀና ብላ የጣሪያዋን ቀዳዳ "ዓይን" ብትለው፣ የእኛይቱ እናት ደግሞ ዝቅ ብላ ምጣዷ ላይ ያየችውን ቀዳዳ "ዓይን" ብላዋለች። ሁለቱም የሰየሙት ትንፋሽ የሚያልፍበትን ነገር ነው።

ሌሎች ቋንቋዎችስ?

መስኮትን በዓይን የመሰለው የሰሜኑ ቋንቋ ብቻ አይደለም። የሩሲያና የፖላንድ ቋንቋዎች መስኮትን "ኦክኖ" ይሉታል፤ ቃሉ ዓይን ከሚለው ጥንታዊ ቃላቸው "ኦኮ" የወጣ ነው። በሕንድ ጥንታዊ ቋንቋ በሳንስክሪት ደግሞ ከመስኮት ስሞች አንዱ "የበሬ ዓይን" የሚል ትርጉም አለው።

ስፓኒሽ ዓይኑን ትቶ ነፋሱን ያዘ፤ "ቬንታና" የመጣው ነፋስ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ፖርቱጋልኛ መስኮትን የሚያየው እንደ ትንሽ በር ነው። ዕብራይስጥ መስኮትን "ሐሎን" ሲል የመብሳት ትርጉም ካለው ሥር ይነሳል፤ ዓረብኛም "ናፊዛ" ሲል በስቶ ማለፍን ያስባል። ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን የሮማን ቃል ይዘው ቀርተዋል።

የሚገርመው ቃሉን ያበደሩት ሰዎች ዘሮች ዛሬ አንድ ዓይነት ቃል አለመጠቀማቸው ነው። ዴንማርክና ኖርዌይ "ቪንዱ" የመሰለ ቃል ሲይዙ፣ ስዊድን ከጀርመን ያገኘችውን የሮማን ቃል መረጠች፤ አይስላንድ ደግሞ "ግሉጊ" በሚል ሌላ ጥንታዊ ቃል ትጠቀማለች። የአየርላንድ ቋንቋ ግን እንደ እንግሊዝኛ ሁሉ ከቫይኪንጎች የወሰደውን እስካሁን አልለቀቀም።

የእኛው "መስኮት" ከግዕዝ የወረስነው ነው፤ ለብዙ ሲሆን ግዕዙ "መሳክው" ይላል። ነገሩም ከቃሉ ያላነሰ ዕድሜ አለው። የአክሱም ትልልቅ ሐውልቶች ፎቅ ቤት እንዲመስሉ ሆነው ነው የተፈለፈሉት፤ በየደረጃቸው ድንጋይ ላይ የተቀረጹ፣ ግን የማይከፈቱ መስኮቶች አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም የተመለሰው ሐውልትም ይህንኑ ያሳያል። ድንጋይ ጠራቢው የማይከፈት መስኮት ለመቅረጽ ይህን ያህል ከደከመ፣ መስኮት በዚያ ዘመን የክብር ምልክት ነበር ማለት ነው።

የቤት ዕቃና የቤት ክፍል ስም ከግንበኛው ጋር የመጓዝ ጠባይ አለው። እኛም ከጣሊያኖች ፎርኖን፣ ላሜራንና አርማታን ተቀብለናል። መስኮትን ግን ለማንም አልለቀቅንም።

ነፋስ ወጣ፣ ብርሃን ገባ

የ"ነፋስ ዓይን" ትርጉም መለወጥ የጀመረው መስታወት ሲመጣ ነው። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የመስኮት መስታወት ያውቁ ነበር። በእንግሊዝ ምድር ግን ጥበቡ ጠፍቶ ቆይቶ፣ ቤኔዲክት ቢስኮፕ የተባሉ አበምኔት በ670ዎቹ ለገዳማቸው ባለሙያዎችን ከዛሬዋ ፈረንሳይ ለማስመጣት ተገደዋል። ከዚያ በኋላም ለብዙ ምዕተ ዓመታት መስታወት የቤተ ክርስቲያንና የባለጸጋ ነገር ሆኖ ኖረ። ተራው ሰው መስኮቱን በእንጨት መዝጊያ፣ ዘይት በጠጣ ጨርቅ ወይም በስሱ በተፋቀ ቀንድ ይሸፍን ነበር።

በ1590ዎቹ የተሠራው ሃርድዊክ ሆል የተባለው የእንግሊዝ መኖሪያ እስካሁን የሚታወቀው ፊቱን በሞሉት ግዙፍ መስኮቶች ነው። ባለቤቷ የመስታወቱን ብዛት የሀብቷ መለኪያ አድርጋ ለአገር አሳየች። በዚህ ጊዜ ቃሉ ያው "የነፋስ ዓይን" ነው፤ ነገሩ ግን ተገልብጧል። መስኮት ብርሃን አስገብቶ ነፋስን የሚከለክል ሆነ።

ብርሃን ላይ የተጣለ ግብር

መስኮት የሀብት ምልክት መሆኑ ከመንግሥት ዓይን አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1696 የንጉሥ ዊልያም ሣልሳዊ መንግሥት ገንዘብ ሲቸግረው በመስኮት ላይ ግብር ጣለ። አሠራሩ ሲታይ ብልህነት ያለው ይመስላል። የሰውን ገቢ መመርመር በጊዜው እንደ ነውር ይታይ ነበር። መስኮት ግን ከውጭ ይቆጠራል፤ ግብር ሰብሳቢው የማንንም ደጅ ሳያንኳኳ ሥራውን ይጨርሳል። በመነሻው እያንዳንዱ ቤት 2 ሺሊንግ ይከፍላል፤ ከ10 በላይ መስኮት ያለው ደግሞ ይጨምራል።

ውጤቱ የታሰበው አልሆነም። ባለቤቶች መስኮታቸውን በጡብ ደፈኑ፤ አዲስ ቤት የሚሠሩም ከመነሻው መስኮት ቀነሱ። ዛሬም በብሪታኒያ ከተሞች የተደፈኑ መስኮቶች ይታያሉ፤ ምንም እንኳ አንዳንዶቹ ለፊት ገጽ ውበት ሲባል ከመጀመሪያውም የተደፈኑ ቢሆኑም። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው "የሀገራት ሀብት" በተባለው መጽሐፉ የግብሩን ጉድለት በአጭሩ አሳይቷል። በገጠር ከተማ በዓመት 10 ፓውንድ የሚከራይ ቤት፣ ለንደን ውስጥ 500 ፓውንድ ከሚከራይ ቤት የበለጠ መስኮት ሊኖረው ይችላል። ድሃው ከሀብታሙ በላይ ይከፍላል ማለት ነው።

ከሁሉ የተጎዱት ተከራዮች ነበሩ። ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ሕንፃ እንደ አንድ ቤት ስለሚቆጠር ግብሩ ከፍ ይላል፤ ከፋዩ አከራዩ ነው፤ አከራዩም መስኮቱን ይደፍናል። በጨለማና በታፈነ አየር የሚኖረው ግን ተከራዩ ነው። ሐኪሞች ለዓመታት ከጮኹ በኋላ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ1851 ተሻረ። በመስታወት ላይ የነበረው ሌላ ግብር ከዚያ ቀደም ብሎ በ1845 ተነስቷል። ፈረንሳይ በበሮችና መስኮቶች ላይ በ1798 የጣለችውን ግብር ያነሳችው ግን በ1926 ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወሬ ማረም ይገባል። እንግሊዞች ዋጋው አለቅጥ የተጋነነ ነገር ሲገጥማቸው "የቀን ብርሃን ዘረፋ" የሚሉት ከዚህ ግብር የመጣ ነው ሲባል ይሰማል። ታሪኩ ያምራል፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። አባባሉ በዚህ ትርጉሙ በጽሑፍ የሚገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ግብሩ ከተሻረ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ማለት ነው። መነሻው ቀላል ነው፤ በጠራራ ፀሐይ መዝረፍ። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ የመስኮት ግብር ግን ኖሮን አያውቅም።

ከግድግዳ ወደ ስክሪን

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ቃሉ ሌላ ጉዞ ጀመረ። የኮምፒዩተር ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ስክሪንን በአራት ማዕዘን ክፍሎች እየከፋፈሉ ለእያንዳንዱ ክፍል "ዊንዶው" የሚል ስም ሰጡ። ማይክሮሶፍት የራሱን ሥርዓት ሲያዘጋጅ መጀመሪያ የታሰበው ስም "ኢንተርፌስ ማኔጀር" የሚል ነበር። የገበያ ሰዎቹ ግን ማንም የሚረዳው ስም ይሻላል ብለው አሳመኑና እ.ኤ.አ. ኅዳር 1985 "ዊንዶውስ" ለገበያ ቀረበ። የቫይኪንግ ገበሬ የጭስ ቀዳዳ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁ የንግድ ስሞች አንዱ ሆነ።

የእኛው "መስኮት"ም አልተኛም። ባንክ ስንሄድ "መስኮት ቁጥር 3" እንባላለን። መንግሥት ጉዳይን በአንድ ቦታ መጨረስን "የአንድ መስኮት አገልግሎት" ይለዋል። ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎታቸውን "በመስኮት" ጀምረዋል። በእነዚህ ሁሉ መስኮት ማለት ጉዳይ የሚያልፍበት ክፍተት ነው። ከነፋሱ ጋር ግን ማንም አያገናኘውም።

ነፋሱን መመለስ

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መስኮት ለብርሃን፣ ለመልክና ለአገልግሎት መሆኑን ስናስታውስ ለአየር መሆኑን ረስተናል። በታክሲና በአውቶቡስ በየቀኑ የሚሰማውን እናስታውስ። "ወንድሜ፣ እስቲ መስኮቷን ዝጋልን፣ ብርድ ሊገድለን ነው።" "እማማ፣ ትንሽ አየር ይግባ እንጂ፣ ታፈንን እኮ!" በዚህ ክርክር ብዙውን ጊዜ የምታሸንፈው እማማ ነች። መስኮቱ ይዘጋል። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ያስላል።

ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው። ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 ያገኙት የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም የሚጓዘው በአየር ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ለሰዓታት ሊንሳፈፍ ይችላል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ የመስኮቱ ክርክር የምቾት ብቻ አይደለም።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ሕሙማን እንክብካቤ በጻፈችው መጽሐፍ ከሁሉ አስቀድማ ያነሳችው አየርን ነው፤ በሽተኛው ሳይበርደው የክፍሉ አየር እንደ ውጭው ንጹሕ ይሁን ብላለች። ከ150 ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳየ። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ 8 ሆስፒታሎች ውስጥ የተደረገው ጥናት እንዳመለከተው፣ መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት በአማካይ ግምት 28 ጊዜ በአዲስ አየር ይተካል። ለተላላፊ ሕሙማን ክፍሎች በማሽን እንዲደረስ የሚመከረው 12 ጊዜ ነው። የሚያስደንቀው ሌላው ውጤት ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት የድሮ ሕንፃዎች በሰዓት 40 ጊዜ አየር ሲለውጡ፣ አዳዲሶቹ 17 ጊዜ ብቻ መለወጣቸው ነው።

ይህ ማለት መስኮት መክፈት መድኃኒትን ይተካል ማለት አይደለም። ነፋስ በሌለበት ቀን መስኮት ብዙ አይረዳም፤ በብርዳማ ሌሊት ሕፃን በተኛበት ክፍል መስኮት ወለል አድርጎ መክፈትም አይመከርም። ግን ዋጋው ምንም ነው፤ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። ኮቪድ-19 እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለምን ሲያስጨንቅ፣ ውድ ማሽን ያላቸው አገሮች ሳይቀሩ ተማሪዎቻቸውን "መስኮት ክፈቱ" እያሉ ያስተማሩት ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች በዝተዋል። ከሩቅ ሲታዩ ያብረቀርቃሉ። ብዙዎቹ ውስጥ ግን የሚከፈተው መስኮት ጥቂት ነው፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ስትዞር ሠራተኛው በወረቀት ያራግባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የምትገኝ፣ አየሯ በአብዛኛው ዓመት ቀዝቀዝ ያለ ከተማ ናት። ማቀዝቀዣ ገዝቶ መስኮት ማሸግ ለእንዲህ ዓይነት ከተማ የተገላቢጦሽ ነው። ቤት የሚሠራ፣ ቢሮ የሚከራይ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ሰው ወለሉንና ቀለሙን ከማየቱ በፊት አንድ ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል፤ መስኮቱ ይከፈታል? ሲከፈትስ ነፋሱ በሌላ በኩል መውጫ አለው?

ስሙን ያወጡት የሰሜን ገበሬዎች ስለ ባክቴሪያ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ጭስ እንደሚያንቅ ግን ያውቁ ነበር። ስለዚህም ቤታቸው እንዲያይ ብቻ ሳይሆን እንዲተነፍስም ዓይን አወጡለት።